ቅጠሉና እንክብሉ፦ ፀረ-ድብርት መድኃኒትንና የምግብ ፍላጎት ቀናሽን ስለ ማጣመር

ክብደት ለመቀነስ ሲባል ፀረ-ድብርት መድኃኒትን ከምግብ ፍላጎት ቀናሽ ጋር አጣምሮ መስጠት በሕክምናው ዓለም ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሕዝብ ጤና ችግር በሆነባቸው አገሮች በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥመው የሌላ አገር ጉዳይ ነው ብሎ ቢያልፈው አያስገርምም። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ይህን አመለካከት የሚደግፍ ይመስላል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጥናቱ መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች 22 በመቶዎቹ ለቁመታቸው ከሚገባው ክብደት በታች ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይኸው ጥናት የከተማውንና የገጠሩን ለይቶ ሲያቀርብ የኋለኛው ቁጥር በገጠር 4 በመቶ፣ በከተማ ግን 21 በመቶ ሆኖ ይገኛል። የከተማ ሐኪም ችላ ሊለው የሚችለው ቁጥር አይደለም።

ከቁጥሩ ባሻገር ደግሞ እምብዛም ያልተስተዋለ ነገር አለ። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤናና ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች፣ የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋው ነገር የሚገኘው ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አይደለም፤ በኮባ ተጠቅልሎ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ስሙም ጫት ነው። ከጤና ጣቢያ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ተቀብሎ የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከተቀመጠ፣ ሌላው ዓለም በጥናትና በክስ ሲከራከርበት የኖረውን ጣምራ ማንም ሳያዝዝለት ወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ጣምራው የተጻፈው ሁሉ ለኮልፌ ባለሙያ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በሌላ በኩል እንዳለ ተገልብጦ ሊወሰድም አይችልም። ምን ያህሉ እንደሚጠቅም ለማወቅ ጥናቶቹ ምን ለክተው ምን ሳይለኩ እንደቀሩ መመርመር ያስፈልጋል።

የጣምራው ዝና የተነሣው ፌንፍሉራሚንና ፌንተርሚን ከተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ነው። ፌንተርሚን በአሜሪካ ከ1959 ጀምሮ የተፈቀደ፣ በኖርአድሬናሊን በኩል የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ፌንፍሉራሚን ደግሞ የሚሠራው በሴሮቶኒን በኩል ነበር። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ዋይንትራብ 121 ሰዎችን ይዘው ሁለቱን በአንድነት ሞከሩ፤ ውጤቱም በ1992 ታተመ። በ34ኛው ሳምንት መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 14.2 ኪሎ ግራም፣ ማስመሰያ እንክብል የወሰዱት ደግሞ 4.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ተገኙ። ይህ ልዩነት በጊዜው እጅግ ትልቅ ነበር፤ በ1996 ብቻ በአሜሪካ ለእነዚህ መድኃኒቶች የተጻፈው ማዘዣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ሁለቱ በየግላቸው የተፈቀዱ ቢሆኑም አብረው እንዲሰጡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶ አያውቅም። በ1997 ከማዮ ክሊኒክ የወጣ ዘገባ መድኃኒቶቹን ሲወስዱ የነበሩና የልብ በር ሕመም የታየባቸው 24 ሴቶችን አቀረበ። በዚያው ዓመት መስከረም 15 ቀን ፌንፍሉራሚንና የቅርብ ዘመዱ ዴክስፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጡ።

የዋይንትራብ ጥናት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይወቀሳል። ጥናቱ ሐሰት አልነበረም። ምርምሩ ከመጀመሪያዎቹ ወራት አልፎ ለዓመታት የቀጠለ ሲሆን፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የጠፋው ክብደት እየተመለሰ መምጣቱም በዚያው ተጽፎ ነበር። ስሕተቱ የአንባቢዎቹ ነበር፤ የ34ኛውን ሳምንት ቁጥር አንሥተው የዕድሜ ልክ መልስ አደረጉት። ሌላው ደግሞ የመለኪያው ጉዳይ ነው። በጥናቱ ውስጥ ዋናው መለኪያ ሚዛን ነበር፤ 121 ሰዎችን በሚዛን መመዘን ስለ ልብ በር የሚናገረው ነገር የለም። የፈለጉትን የለኩ ሰዎች ያልለኩት ነገር ጎዳቸው። በኋላ የመጡት ጣምራዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ይህንኑ ታሪክ ደግመውታል።

ፌንፍሉራሚን ሲነሣ ፌንተርሚን ብቻውን ቀረ፤ ሐኪሞችም ምትክ መፈለግ ጀመሩ። በ1987 መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሉኦክሴቲን በሴሮቶኒን በኩል የሚሠራ በመሆኑ ከፌንተርሚን ጋር ተጣመረ። ለደጋፊዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አንዱ ክርክራቸው ትክክል ነበር። የልብ በሩን የጎዳው የፌንፍሉራሚን ውጤት የሆነው ኖርፌንፍሉራሚን በልብ በር ላይ የሚገኝ አንድ የሴሮቶኒን ተቀባይን በቀጥታ ማነሣሣቱ ሲሆን፣ ፍሉኦክሴቲን ይህን አያደርግም። ነገር ግን አለመጉዳት መጥቀም አይደለም። ፍሉኦክሴቲን በቀን 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ለድብርት በሚጀመርበት መጠን ሦስት እጥፍ እየተሰጠ ለክብደት በተፈተነ ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀነሰው ክብደት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንኳ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በአብዛኛው ተመልሷል። ፌንተርሚንም ቢሆን የተፈቀደው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። እንግዲህ ጣምራው ለሳምንታት የተፈቀደውን መድኃኒት፣ ኃይሉ በዓመት ውስጥ ከሚደክመው ጋር አጋብቶ ለዓመታት እንዲሠራ የጠበቀ ነበር። የፌንተርሚን መግለጫ ራሱ ከሌሎች የክብደት መቀነሻዎችም ሆነ እንደ ፍሉኦክሴቲን ካሉ መድኃኒቶች ጋር መወሰዱ እንደማይመከር ያስጠነቅቃል። ከተዘረዘሩት መካከል ከዕፅዋት የተዘጋጁ ምርቶችም ይገኙበታል። ይህች ቃል ወደ ኮልፌ ስንመለስ ታስፈልጋለች።

ሲቡትራሚን መጀመሪያ የተጠናው ለፀረ-ድብርትነት ነበር፤ ለዚያ ሳይሆን ቀርቶ በ1997 ለክብደት መቀነሻነት ተፈቀደ። የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት የልብና የደም ሥር አደጋ የደረሰባቸው ሲቡትራሚን ከወሰዱት 11.4 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 10 በመቶ ሆነው ስለ ተገኙ በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጣ። ሪሞናባንት ደግሞ በተቃራኒው በኩል መጣ፤ የምግብ ፍላጎትን የቀነሰው ይህ መድኃኒት ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብን በማባባሱ በ2008 በአውሮፓ ታገደ። የምግብ ፍላጎትና ስሜት በአንጎል ውስጥ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ተፈቅዶ የሚገኘው ዋነኛው ጣምራ ቡፕሮፒዮንን ከናልትሬክሶን ጋር ያዋሐደው እንክብል ነው። ቡፕሮፒዮን ፀረ-ድብርት ነው፤ ናልትሬክሶን የአልኮልና የኦፒዮይድ ሱስን ለማከም የሚውል መድኃኒት ነው። በ2010 በታተመውና 1742 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ጣምራውን በሙሉ መጠን የወሰዱት በ56 ሳምንታት ውስጥ ከክብደታቸው 6.1 በመቶ፣ ማስመሰያ የወሰዱት 1.3 በመቶ ቀንሰዋል። 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልዩነቱ ወደ 5 ኪሎ ነው ማለት ነው። ከተሳታፊዎቹ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት አሥር ሰዎች ሦስቱን አቅለሽልሿቸዋል። የአሜሪካው አስተዳደር የልብ ጉዳይ ይጣራ ብሎ በ2011 ከመለሰው በኋላ በ2014 ፈቀደው። ለልብ ደኅንነት የተጀመረው ጥናት ግን ገና ሳያልቅ ጊዜያዊ ውጤቱ ለሕዝብ በመውጣቱ በ2015 ተቋረጠ። ከሁሉ በላይ ሊተች የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በዋናው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲገቡ አልተደረገም። ፀረ-ድብርት ያለበት ጣምራ በብርቱ የተደበተ ሰው በሌለበት ተፈትኖ፣ ስለ ተደበተ ሰው እንዲናገር ይጠየቃል።

ስለ ቡፕሮፒዮን እምብዛም የማይነገረው ነገር ትውልዱ ነው። ቡፕሮፒዮን ከኬሚካል አኳያ የካቲኖን ተወላጅ ነው፤ ካቲኖን ደግሞ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ቤተ ሙከራ ከጫት ቅጠል ተለይቶ የወጣው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። በአውሮፓ ለዓመታት ለክብደት መቀነሻነት ሲሸጥ የኖረውና የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 ከገበያ እንዲወጣ የወሰነበት አምፌፕራሞንም ከዚሁ ዘር ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ በጀርመንና በደቡብ አፍሪካ የምግብ ፍላጎት ቀናሽ ተብሎ በእንክብል ተሽጧል። ስለዚህ ሌላው ዓለም በቤተ ሙከራ ያጣመረው ፀረ-ድብርትና የምግብ ፍላጎት ቀናሽ፣ ከሐረርጌ፣ ከሲዳማና ከጉራጌ ማሳ በየማለዳው ተቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ቅጠል ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝምድና ግን አንድነት አይደለም፤ ይህ በግልጽ ሊሰመርበት ይገባል። ቡፕሮፒዮን በታወቀ መጠን ተለክቶ በዝግታ ወደ ደም የሚገባ እንክብል ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚበላሽ ነጋዴው በኮባ የሚጠቀልለው፣ ሾፌሩም መኪናውን የሚያበርረው ለዚሁ ነው። የአወዳይና የወንዶ፣ የበለጬና የጉራጌ ጫት በኃይላቸው አይመሳሰሉም፤ የዛሬው እስርም ከትናንቱ ይለያል። ከካቲኖን የሚገኘው መነቃቃት እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን በብዛት አስለቅቆ ነው፤ ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣውን መጫጫን ቃሚው ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ «ጫት የድብርት መድኃኒት ነው» የሚለውን ወሬ ከላይ በተነገረው ዝምድና ለመደገፍ የሚሞክር ካለ ኬሚስትሪውን አንብቦ ሕመምተኛውን ሳያይ ቀርቷል። ዓለም አቀፉ የ1971 ስምምነት ካቲኖንን፣ ካቲንን፣ አምፌፕራሞንንና ፌንተርሚንን በየደረጃው ሲቆጣጠር፣ ቅጠሉን ግን አልያዘም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ኮሚቴም በ2006 ቅጠሉ በስምምነቱ ሥር እንዲገባ አልመከረም። ሕጉ የሚያየው ንጥረ ነገሩን ነው፤ ለጤና ጣቢያ የሚመጣው ግን ቅጠሉን የቃመው ሰው ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎትን መዝጋቱ በቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም በምርመራም ታይቷል። በ2008 በታተመ አነስተኛ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ጫት ሲቅሙ ረሃባቸው ቀንሶ የጥጋብ ስሜታቸው ጨምሯል፤ ይህ የሆነው ግን ከሆድ የሚመነጩትና ረሃብና ጥጋብን የሚያመላክቱት ግሬሊንና ፒዋይዋይ የተባሉት ሆርሞኖች ሳይለወጡ ነው። ሆዱ ርቦታል፤ አንጎሉ አልሰማም። በዚህም የተነሣ በኮልፌ የጫት ቃሚን ክብደት ከቃሚነቱ ብቻ መገመት አይቻልም። የለመደ ቃሚ ከበርጫ በፊት ጠገብ ያለ ቅባትማ ምሳ ይበላል፤ እራቱን ይተወዋል፤ በመካከሉ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። ማታ ጨብሲ ካለ ቢራው የራሱን ኃይል ሰጪ ይዞ ይመጣል። በጅማ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ጫትን ምሳ ለማስተላለፍ ይጠቀምበታል። ከወፍራምነት ለመሸሽ የሚቅሙ ወጣት ሴቶችም አሉ፤ እነርሱ ግን ለማንም አይናገሩም፤ የሴት ጫት መቃም በሰፈሩ ዘንድ እንደ ወንዱ በግልጽ የሚደረግ አይደለምና።

ብዙ የኮልፌ ቤተሰቦች ዘመድ የሚጠይቁት በጉራጌና በስልጤ ምድር ነው። በዚያው አካባቢ በቡታጅራ በ1999 የታተመ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በጊዜው ጫት የሚቅሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ለአዲስ አበባ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ ነገር ግን በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ቃሚ የመሆኑ ነገር እንግዳ ሊሆን እንደማይገባ ያስገነዝባል።

በዚህ ላይ ከሌላው ዓለም መጻሕፍት ጨርሶ የማይገኝ ጉዳይ ይጨመራል። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኤንዛይም የሚያመርተውን ዘረ መል ከአንድ በላይ ደግመው የያዙ መሆናቸው ተገኘ። ኤንዛይሙ አሚትሪፕቲሊንን፣ የእርሱ ውጤት የሆነውን ኖርትሪፕቲሊንን፣ ኢሚፕራሚንንና ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችን ከሰውነት የሚያስወግድ ነው። ዘረ መሉ የተደገመለት ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚጨርሰው፣ በመደበኛው መጠን ላይሻለው ይችላል። በ2015 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት የዚሁኑ ኤንዛይም ሥራ እንደሚገታ አሳየ። ሁለቱን ግኝቶች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ያልሠራለት ሕመምተኛ መጠኑ ይጨመርለታል፤ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያም ከ25 ሚሊ ግራም ጀምሮ በየሳምንቱ እየጨመሩ እስከ 100 ወይም 150 ማድረስን ይፈቅዳል። ሕመምተኛው በወሩ ውስጥ አብዝቶ መቃም ከጀመረ ኤንዛይሙ ይታሰርና ያው መጠን በደሙ ውስጥ ሊበዛ ይችላል። ትራይሳይክሊክ የተባሉት መድኃኒቶች ሲበዙ የልብን የኤሌክትሪክ ምት እንደሚያውኩ ይታወቃል። ጫት በበኩሉ የደም ግፊትንና የልብ ትርታን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ በ2005 ከየመን የቀረበ ጥናትም አብዝቶ መቃምን ከድንገተኛ የልብ ድካም ጋር አያይዞታል። በረመዳን የመቃሚያው ሰዓት ወደ ሌሊት ሲዞር፣ ወይም ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት ጫት ሲያቆም፣ የመድኃኒቱ መጠን ሳይነካ የመድኃኒቱ ኃይል ይለዋወጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ግን መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት፣ ከመጠይቁ ነው። ድብርትን ለመለየት የሚሠራበት ባለዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሐሳብ መሰብሰብና ስለ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ ይጠይቃል። እነዚህ አራቱም ከበርጫ በኋላ ባለው ሌሊትና በማግሥቱ ጠዋት በቃሚው ላይ የሚታዩ ናቸው፤ ሐራራና ዱካክ ሲጨመርበት ነጥቡ ከፍ ይላል። መጠይቁ በአዲስ አበባ በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ተፈትኖ በ2013 በታተመው ጥናት 10 ነጥብ እንደ መለያ ሲወሰድ ከተደበቱት 86 በመቶውን ያገኘ ሲሆን፣ ካልተደበቱት መካከል በትክክል የለየው 67 በመቶውን ብቻ ነበር። ከሦስት ጤነኛ አንዱ በመጠይቁ ተደብቷል ሊባል ይችላል ማለት ነው። መጠይቁ መጥፎ ነው አያሰኝም፤ ለመለየት የተዘጋጀ እንጂ ለመወሰን የተዘጋጀ አይደለም። ሆኖም በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ነጥቡ ተደምሮ ማዘዣ ሲጻፍ፣ የጫት ማግሥት መጫጫን ድብርት ይባልና ለቃሚው ፀረ-ድብርት ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ጣምራውን የፈጠረው ሕመምተኛው አይደለም፤ ቅጹ ነው።

የቀረው ሕመምተኛው ክብደቱን የሚያይበት ዐይን ነው። አሚትሪፕቲሊን ሂስታሚንን ስለሚገታ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። በቀድሞው አነጋገር መወፈር የመመቸት ምልክት ነበር፤ አሁንም በብዙ ቤት እንደዚያው ነው። በከተማው ወጣት ዘንድ ግን ነገሩ እየተለወጠ ሄዷል። ለምሳሌ ያህል በአጠና ተራ አካባቢ የምትነግድ የሠላሳ ዓመት ሴት ትታሰብ። አሚትሪፕቲሊን ከጀመረች በሦስተኛው ወር ልብሷ ይጠብባታል። መንገዷ ሁለት ነው፤ ወይ መድኃኒቱን ትተዋለች፣ ወይ ክብደቷን ለመያዝ ከጓደኞቿ ጋር መቃም ትጀምራለች። ሁለተኛውን ከመረጠች በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ «እህቴ፣ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቃት «የለም፣ ሲስተር» ብላ ትመልሳለች። አልዋሸችም፤ ጫትን መድኃኒት የሚለው የለምና። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ክብደቷ እንደ ባለፈው ወር ነው፤ በካርዱም ላይ «ለውጥ የለም» ተብሎ ይጻፋል። የማይነቃነቀው ቁጥር ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ሁለት ኃይሎች ውጤት ነው፤ በመካከላቸው ያለው የሴትየዋ ልብና እንቅልፍ ነው። ዋይንትራብ ሚዛኑን እንዳመኑት ሁሉ እዚህም ሚዛኑ ታመነ።

በሌላው ዓለም የክርክሩ ማዕከል አሁን ወደ መርፌዎቹ ዞሯል። ሴማግሉታይድ ለክብደት መቀነሻነት በ2021 ከተፈቀደ ወዲህ ድሮ በፌንተርሚን የተጀመረው የእንክብል ጣምራ ያረጀ መስሏል። ሆኖም ርካሽ ነገር ቶሎ አይጠፋም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ፌንተርሚን ሊገኝ እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። በቅጠሉ ላይ እርሱ ሲጨመር ሁለት የአንድ ሥራ አነቃቂዎች በአንድ ልብ ላይ ይደረባሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። «ጫት ትቅሚያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ጊዜ «አልቅምም» የሚል መልስ ያመጣል፤ ጥያቄው ከሱስ ክፍል ወጥቶ ከምግብ ጥያቄ ጋር ቢቀርብ የተሻለ ነው። ትናንት እራት ስንት ሰዓት ተበላ? ካልተበላስ ለምን? ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ? እስሩ የስንት ብር ነበር? ማታ የሚጠጣ ነገር ነበረ? የመጠይቁ ነጥብ ከመደመሩ በፊት የመጨረሻው በርጫ መቼ እንደ ነበር ከጎኑ ቢጻፍ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መልሶቹ በምን ዐይን ሊታዩ እንደሚገባ ቀጣዩ ባለሙያ ያውቃል። የደም ግፊትና የልብ ትርታ ሲለኩም ሰዓቱና የቅርቡ መቃም አብሮ ቢመዘገብ፣ በጠዋቱ ቀጠሮ መልካም ሆኖ የሚታየው ቁጥር ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ይጠረጠራል። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ሁለቱም በእጅ ባሉበት ጤና ጣቢያ፣ ክብደት ለሚያሳስባትና ለምትቅም ሕመምተኛ ምርጫው ወደ ፍሉኦክሴቲን ቢያዘነብል ምክንያቱ በቂ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ለክብደትም ለልብም የሚያሳስብ ነውና። ጫቱን ማስቆምና መድኃኒቱን ማስጀመር በአንድ ቀን ሲሆኑ ግን የሐራራው እንቅልፍ ማጣትና የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ሳምንት መረበሽ ስለሚቀላቀሉ፣ ከተቻለ ቢለያዩ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ይታወቃል።

ፍሉኦክሴቲን ለሚወስዱትም አንድ ነገር ሊነገራቸው ይገባል። ሠርግ ወይም በዓል ሲደርስ «ዛሬ እቅማለሁና ክኒኑን ልተወው» የሚል ሰው ቅጠሉና እንክብሉ እንዳይገናኙ የጠነቀቀ ይመስለዋል። ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚገኘው ኖርፍሉኦክሴቲን ግማሹ ለመውጣት ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሲዋይፒ 2ዲ6ን የመግታት ኃይሉም እስከዚያው አብሮት ይቆያል። ማክሰኞ የተተወው ክኒን ቅዳሜ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ አሁንም በደሙ ውስጥ አለ።